«ታማኝ ምንጭ ነግሮናል» ብለው የወንድሜን ክፍል ፈተሹት፤ በወታደር ሕግ ይህ ይበቃል?

እህተ_ወታደር

በአሜሪካ ጦር ያገለገላችሁ ወይም በማገልገል ላይ ያላችሁ ወገኖች፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ሦስት ሌሊት በቅጡ ስላልተኛሁ ጽሑፌ ከተዘባረቀ ይቅርታ።

ታናሽ ወንድሜ የምድር ጦር ወታደር ነው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አገልግሏል፤ ማዕረጉ ስፔሻሊስት ነው። ባራክ (የወታደሮች መኖሪያ) ውስጥ ከአንድ ሌላ ወታደር ጋር ክፍል ይጋራል። ባለፈው ሐሙስ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ የካምፓኒው ፈርስት ሳጅን (ከአዛዡ ሥር ያለው ዋና ሳጅን) ሁለት ወታደራዊ ፖሊሶች አስከትሎ በራቸውን አንኳኳ። «እዚህ ክፍል ዕፅ እንዳለ ታማኝ ምንጭ ነግሮናል፤ አዛዣችሁ ካፒቴኑ በስልክ ፍተሻ ፈቅዷል» አላቸው። ሁለቱንም ኮሪደር ላይ አቁመው ክፍሉን ገለባበጡት። ከበሩ ጀርባ በተሰቀለ ጃኬት ኪስ ውስጥ የማሪዋና ዘይት ያለበት የቬፕ ካርትሪጅ አገኙ። ከዚያ አንደኛው ፖሊስ «መኪናህንም ብናይ ቅር ይልሃል?» ሲለው ወንድሜ በድንጋጤ ቁልፉን አውጥቶ ሰጠው። መኪናው ውስጥ ምንም አልተገኘም።

በማግስቱ የሰማነው ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ጠቋሚው እዚያው ካምፓኒ ያለ፣ ከአንድ ወር በፊት ራሱ በዕፅ የተያዘ ልጅ ነው ይባላል። ወንድሜ እንደሚለው ልጁ ክፍላቸው ገብቶ አያውቅም።

አሁን አርቲክል 15 (ያለ ፍርድ ቤት በአዛዥ የሚሰጥ ቅጣት) ሊሰጡት ነው። «ፈርመህ ብትገላገል ይሻልሃል» እያሉት ነው። የተያዘ ሰው ራሱን ለማዳን የተናገረው ቃል የሌላውን ክፍል ለማስፈተሽ ይበቃል? «ታማኝ» ያሉትስ ታማኝነቱን ማን መዘነው?

ፓራሊጋል_የነበርኩ

እህቴ፣ አይዞሽ። በምድር ጦር የሕግ ቢሮ ስምንት ዓመት ፓራሊጋል (የጠበቆች ረዳት) ሆኜ ሠርቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን የዚህ ዓይነት መዝገብ ብዙ በእጄ አልፏል።

ከሁሉ በፊት ወንድምሽ ስለዚያ ምሽት ለማንም ቃል እንዳይሰጥ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አርቲክል 31 የሚባለው የወታደራዊ ሕግ አንቀጽ በ1950 ሲወጣ (ዘመኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ተጠርጣሪ ወታደር በምን እንደተጠረጠረ ሳይነገረውና ዝም የማለት መብቱ ሳይገለጽለት እንዳይጠየቅ ከልክሏል። ሲቪሉ ዓለም ተመሳሳዩን ያገኘው በሚራንዳ ውሳኔ በ1966 ነው። ስለዚህ ዲኤ ፎርም 3881 የተባለውን የመብት ማሳወቂያ ወረቀት ሲያቀርቡለት «ጠበቃ እፈልጋለሁ» ብሎ ያቁም። ነገ ጠዋት ወደ ትሪያል ዲፌንስ ሰርቪስ ይሂድ። በነጻ ነው። እዚያ ያሉት ጠበቆች መኮንኖች ቢሆኑም አለቃቸው የወንድምሽ አዛዥ አይደለም፤ የራሳቸው የዕዝ ሰንሰለት አላቸው። ስለ አርቲክል 15 በሕግ ለመማከርና ለመወሰን አብዛኛውን ጊዜ 48 ሰዓት ይሰጠዋል። ያንን ጊዜ ይጠቀምበት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሲቪል ቤት ለመፈተሽ ፖሊስ ዳኛ ዘንድ ይሄዳል። በጦሩ ውስጥ ግን ቦታውን የሚቆጣጠረው አዛዥ ራሱ ሊፈቅድ ይችላል። በጽሑፍም ይሁን በቃል፣ በስልክም ይፈቀዳል። ለአዛዡ የሚነገረው መረጃ የግድ በመሐላ የተደገፈ መሆን እንደማያስፈልገው የወታደራዊው ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1981 በስታኪ ጉዳይ ወስኗል። ስለዚህ «ስልክ ብቻ ነበር» የሚለው ክርክር ብዙ አያራምድም።

የሚያራምደው ሌላ ነው። አዛዡ ገለልተኛ መሆን አለበት፤ ራሱ መርማሪ ሆኖ ሲያሳድድ ከርሞ በመጨረሻ ለራሱ ፈቃድ መስጠት እንደማይችል በ1979 በኢዜል ጉዳይ ተወስኗል። ደግሞም በቂ ምክንያት ይዞ መፍቀድ አለበት። የወታደራዊ ማስረጃ ደንብ ቁጥር 315 የሚጠይቀው የሚፈለገው ዕቃ *በዚያ ቦታ*፣ *በዚያ ሰዓት* ይገኛል ብሎ ለማመን የሚያበቃ ነገር ነው። «ልጁ ዕፅ ይጠቀማል ይባላል» ማለት «ዕፁ ዛሬ ማታ እዚህ ክፍል አለ» ማለት አይደለም።

ስለ ጠቋሚ ደግሞ ሕጉ ረጅም ታሪክ አለው። በ1964 በአጊላር ጉዳይ የቴክሳስ ፖሊሶች ለዳኛው ያቀረቡት ጽሑፍ በመሠረቱ ወንድምሽ በር ላይ የተባለውን ያህል ነበር፦ ከታመነ ሰው አስተማማኝ መረጃ ደርሶናል፤ ቤቱ ውስጥ ሄሮይን አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አይበቃም አለ። ሁለት ነገር መነገር አለበት፦ ጠቋሚው *እንዴት አወቀ*፣ *ለምንስ ይታመናል*።

በ1983 በጌትስ ጉዳይ ይህ ጥብቅ መመዘኛ ላላ። የኢሊኖይ ፖሊስ ስም የሌለው ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤው ሚስትየው መኪናውን ፍሎሪዳ እንደምትወስድ፣ ባልየው በአውሮፕላን ሄዶ በመኪናው እንደሚመለስ፣ ሻንጣ መጫኛው ዕፅ እንደሚሞላ ይተነብያል። መርማሪዎቹ የበረራውን ቦታ ማስያዝ አጣሩ፣ ሰውየውን ፍሎሪዳ ድረስ ተከታተሉ፣ ጉዞው ደብዳቤው እንዳለው ሲሆን አዩ። ሲፈተሽ 350 ፓውንድ ገደማ ማሪዋና ተገኘ። ፍርድ ቤቱ ሁሉም ሁኔታ ተደምሮ ይመዘን አለ፤ ወታደራዊ ፍርድ ቤቶችም ይህንኑ ይከተላሉ። ሰዎች የሚረሱት ግን ጌትስም ቢሆን ባዶ ድምዳሜን አላጸደቀም። ያንን ደብዳቤ ያቆመው የፖሊሶቹ እግር ነው፤ ሄደው ማጣራታቸው።

ስለዚህ የወንድምሽ ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው ፈርስት ሳጅኑ በዚያ ስልክ ለካፒቴኑ ቃል በቃል ምን እንዳለ ነው። ዲኤ ፎርም 3744 ላይ የቀረበ መግለጫ፣ 3745 ላይ የተጻፈ ፈቃድ ካለ ይጠየቅ። ከሌለም ካፒቴኑና ፈርስት ሳጅኑ የሚያስታውሱትን አሁን፣ ትዝታው ትኩስ ሳለ፣ ለየብቻ ይጠየቁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የተገኘውን ዕቃና ቦታውን የገለጽሽበትን አንቀጽ አጥፊው። ይህ ሁሉ ሰው የሚያነበው ቦታ ነው።

ጡረተኛው_ሳጅን

ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ። 22 ዓመት አገልግዬ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ፈርስት ሳጅንም ሆኜ ሠርቻለሁ። ስለዚህ በዚያ በር ላይ የቆመውን ሰው ቦታ አውቀዋለሁ።

ፓራሊጋል የነበረው ወንድማችን ሕጉን በደንብ አስቀምጦታል። ግን አዛዡ እንደ ጠላት እንዲታይ አልወድም። ባራክ ውስጥ ያሉት በማግስቱ ጥይት የሚተኩሱ፣ ከባድ መኪና የሚነዱ፣ የጓደኛቸውን ፓራሹት የሚያጥፉ ልጆች ናቸው። በግንቦት 1981 ኒሚትዝ በተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ አንድ አውሮፕላን ወድቆ 14 ሰው ሞተ። በሟቾቹ ላይ በተደረገ ምርመራ ከመርከቡ ወለል ሠራተኞች በበርካታዎቹ ሰውነት የማሪዋና ምልክት ተገኘ። የአደጋው መንስኤ ያ ነው ባይባልም ባሕር ኃይሉ ዕፅን ፈጽሞ አልታገሥም ወደሚል አቋም የተሸጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊትም በ1971 ከቬትናም የሚመለስ ወታደር ሽንቱ እንዲመረመር ታዞ ነበር። ይህ ጥብቅነት ከሜዳ አልበቀለም።

ደግሞም አዛዥ ማንንም ሳይጠረጥር ኢንስፔክሽን የማድረግ መብት አለው። ክፍል ያያል፣ ሽንት ያስመረምራል፣ በባራኩ ኮሪደር ውሻ ያስጎበኛል። ጠቋሚ ኖረም አልኖረም። የአንዳንዶቻችሁ ጽሑፍ ይህንን የዘነጋ ይመስለኛል።

ፓራሊጋል_የነበርኩ

ጋሼ፣ አክብሮቴ ይድረስዎ። ያሉት እውነት ነው፤ ኢንስፔክሽን በደንብ ቁጥር 313 የተፈቀደ ነው፣ ጥርጣሬም አይፈልግም። ዓላማው የክፍሉን ዝግጁነት፣ ጤንነትና ሥርዓት ማረጋገጥ እስከሆነ ድረስ በመንገድ ላይ የተገኘው ዕፅም ማስረጃ ይሆናል።

ነገር ግን ያው ደንብ ራሱ ወጥመዱን ያውቀዋል። «ኢንስፔክሽን» የሚለው ስም በቂ ምክንያት ለጎደለው ፍተሻ መሸፈኛ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ምልክቶቹን የዘረዘረው። አንድ የተለየ ወንጀል እንደተጠቆመ ወዲያው ከተደረገና አስቀድሞ ያልታቀደ ከሆነ፣ ወይም ጥቂት ሰዎች ብቻ ተመርጠው ከታዩ፣ ወይም በአንዱ ላይ ከሌላው የባሰ ብርበራ ከተደረገ፣ ዓላማው ዕፅ ፍለጋም ከነበረ፣ እውነተኛ ኢንስፔክሽን መሆኑን ግልጽና አሳማኝ በሆነ ማስረጃ ማስረዳት ያለበት መንግሥት ነው። ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። በዚህ ጉዳይ ከጥቆማ በኋላ፣ በሌሊት፣ አንድ በር ብቻ ነው የተንኳኳው። ራሳቸውም «ፍተሻ» ነው ያሉት። ስለዚህ በ315 ይመዘናል።

እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የነበረው ሕጉ ለአዛዡ ይህን ያህል ሰፊ በር ከፍቶለት ሳለ ሁለት ጥያቄ ለመጠየቅ አምስት ደቂቃ አለመጨመሩ ነው።

ስም_አልባ_2

ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን አመነታሁ። እኔ ጠቋሚ ነበርኩ።

ከዓመታት በፊት በሽንት ምርመራ ተያዝኩ። መርማሪዎቹ ጠርተው አስቀመጡኝና ብትተባበር ለአዛዥህ ጥሩ ቃል እንናገርልሃለን አሉኝ። በጽሑፍ ቃል የገቡልኝ ነገር አልነበረም። 20 ዓመቴ ነበር፤ እናቴ የምትኖረው እኔ በምልክላት ነው። ተስማማሁ።

ካምፓኒው ውስጥ ማን ያጨሳል፣ ማን ይሸጣል ብለው ጠየቁኝ። የማውቃቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በላይ አላውቅም። እነሱ ግን ሌላ ስም ይጠብቁ ነበር፤ ዝም ስል ፊታቸው ይቀየራል። ስለዚህ የሰማሁትን ጨመርኩ። ስለ አንድ ልጅ «ክፍሉ ውስጥ ክኒን አለው ሲባል ሰምቻለሁ» አልኩ። በኋላ እንድፈርም የቀረበልኝ ወረቀት ላይ «አይቻለሁ» ይላል። አነበብኩት። አስተውዬዋለሁ። ፈረምኩ።

የልጁ ክፍል ተፈተሸ፤ ምንም አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ግን በካምፓኒው ውስጥ እንደ ቀድሞው አልታየም። ወደ ልዩ ኮርስ ሊላክ የነበረውም ቀረ። ማን እንደጠቆመው እስከ ዛሬ አያውቅም። ሳገኘው ሰላም ይለኛል።

እህቴ፣ የወንድምሽ ጠበቃ ያ ልጅ *አየ* ወይስ *ሰማ* የሚለውን እንዲጠይቅ አድርጊ። በመርማሪው ቃለ መጠይቅና በወረቀቱ መካከል ምን እንደተቀየረ ይጠይቅ። እኔ ያንን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ ኖሮ እውነቱን እናገር ነበር ብዬ አስባለሁ።

እህተ_ወታደር

ስም አልባ ወንድሜ፣ አንብቤህ አለቀስኩ። በአንተ አልፈርድም። ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ።

ፓራሊጋል ወንድሜ፣ ሁለት ጥያቄ ልጨምር። ወንድሜ የጠቋሚውን ማንነት በሕግ ማወቅ ይችላል? መኪናውንስ ራሱ ቁልፍ ሰጥቶ ስላስፈተሸ ነገሩ አበቃ ማለት ነው? (ያልከኝን አንቀጽ ለማጥፋት ሞክሬ ሰዓቱ አልፏል አለኝ። አወያዮች ብትረዱኝ።)

ፓራሊጋል_የነበርኩ

ስም አልባ፣ የጻፍከው እኔ በረጅም ጽሑፍ ካልኩት ይበልጣል። ለሕጉም ቦታ አለው። በመግለጫ ውስጥ እያወቁ ወይም በግዴለሽነት የተጻፈ ሐሰት ካለ፣ ሐሰቱ ወጥቶ የቀረው ብቻውን በቂ ምክንያት መሆኑ ይመዘናል። ይህ በ1978 ከተወሰነው ከፍራንክስ ጉዳይ የመጣ ነው፤ የወታደሩ ደንብ 311ም ይዞታል። ጥብቅ ሁኔታ አለው፤ በጥርጣሬ ብቻ አይከፈትም፣ መነሻ የሚሆን ማሳያ ይጠይቃል። ሐሰቱም የመረጃ ሰጪው ሳይሆን የመርማሪው ሲሆን ነው ክርክሩ የሚጠነክረው። «ሰማሁ»ን «አየሁ» አድርጎ የጻፈ እጅ ማለት ይኸው ነው።

ማንነትን በተመለከተ፣ እህቴ፣ በደንብ 507 መሠረት መንግሥት የጠቋሚን ስም የመሸሸግ መብት አለው። መብቱ የመንግሥት እንጂ የጠቋሚው አይደለም። ወሰን አለው። በ1957 በሮቪያሮ ጉዳይ ጠቋሚው ራሱ መኪናውን እየነዳ ከተከሳሹ ጋር ሄሮይን ሊያመጡ ሄዱ፤ አንድ ፖሊስ ሻንጣ መጫኛ ውስጥ ተደብቆ ንግግራቸውን ይሰማ ነበር። ጠቋሚው የድርጊቱ ተካፋይና ብቸኛው የዓይን ምስክር በመሆኑ ስሙ እንዲገለጽ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወሰነ። ጥቆማ ብቻ ሰጥቶ የሄደ ሰው ግን ሌላ ነው፤ ለፍተሻው ምክንያት መሆኑ ብቻ ስሙን አያስገልጥም፤ በ1967 በማክሬይ ጉዳይ የተባለው ይህ ነው። የወንድምሽ ጠቋሚ እስካሁን በሁለተኛው ወገን ይመስላል። ጠቋሚው ወደ ፍርድ ቤት መጥቶ ለመንግሥት ከመሰከረ ግን ሽፋኑ ይነሣል፤ የተገባለት ቃል ሁሉ ይጠየቃል።

ብዙዎች «ጓደኛዬ ጠቋሚ ሆኖ ሲያወራኝ መብቴን አልነገረኝም» ይላሉ። በ1981 በዱጋ ጉዳይ እንደተወሰነው የአርቲክል 31 ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው ጠያቂው በሥራ ኃላፊነቱ ሲጠይቅና የተጠየቀውም ሰው ይህ ተራ ጨዋታ አይደለም ብሎ ሲረዳ ነው። ባልንጀራ መስሎ የሚጠይቅ ጠቋሚ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ሆኖም ጠቋሚ ልመናና ውትወታ አብዝቶ ዕፅ የማይነካን ሰው ካስገባበት፣ «ወንጀሉን የዘራው መንግሥት ነው» የሚል መከላከያ አለ። ያ ክርክር አንዴ በማስረጃ ከተነሣ ማፍረስ ያለበት ዐቃቤ ሕግ ነው፣ ያውም ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ።

የመኪናው ነገር አላበቃም። ምንም ስላልተገኘበት ለክሱ ብዙ አይረባም፤ ግን ወንድምሽ ነገ ሌላ ነገር ቢጠየቅ እንዲያውቅ ነው የምጽፈው። በደንብ 314 ፈቃድ በነጻ ፍላጎት መሰጠት አለበት፤ ይህንንም መንግሥት በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ያስረዳል። ለባለሥልጣን ተገዝቶ ዝም ማለት ፈቃድ አይደለም። ፈቃድ የሰጠ ሰው «እዚህ ድረስ ብቻ» ብሎ መወሰን፣ በመሐልም «ይቁም» ማለት ይችላል። በምሽት፣ ፈርስት ሳጅን ከፊቱ ቆሞ ክፍሉን ሲያስበረብር፣ አንድ ስፔሻሊስት «ቅር ይልሃል?» ሲባል «አዎ፣ ቅር ይለኛል» የሚልበት አንደበት ከየት ያመጣል? ዳኛው ይህን ሁሉ ያያል። ለወደፊቱ ግን መልሱ አጭር ነው፦ «ፈቃዴ አይደለም፤ ካዘዛችሁኝ አልከለክልም።» በጨዋ ድምፅ፣ እጅ ሳያነሡ።

ሜዳ_ላይ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። እኔም በአገልግሎት ላይ ነኝ። ቤተሰብ ጋር ስሄድ ጫት የሚቀመጥበት ቤት ነው። እኔ አልቅምም። ግን አንድ ሰው መኪናዬ ውስጥ ረስቶት ቢሄድ ምን ይሆናል?

ፓራሊጋል_የነበርኩ

ጥሩ አነሣኸው፤ የኛ ልጆች የሚሳሳቱበት ነው። ጫት በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ «ቅጠል ብቻ» አይደለም። ትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን በአንደኛው መደብ፣ ማለትም ከሄሮይን ጋር ነው የተመዘገበው። ሲደርቅ የሚቀረው ካቲን በአራተኛው መደብ ነው። ዕፅን የሚመለከተው አርቲክል 112ሀ ደግሞ የተመዘገቡትን መደቦች ሁሉ ያጠቃልላል። «አገር ቤት ይፈቀዳል» የሚል መልስ አያድንም።

ስለ ረሳው ሰው ግን በ1988 የተወሰነው የማንስ ጉዳይ አለ። አንድ ሰው ዕፅ ይዟል ለመባል ዕቃው መኖሩንም ምንነቱንም ማወቅ አለበት። ያላወቀ አልያዘም። ነገር ግን ዳኞች እውቀትን ከሁኔታው ሊገምቱ ይፈቀድላቸዋል፤ በመኪናህ ወንበር ሥር ሲገኝ ግምቱ ወዴት እንደሚያዘነብል አስበው። መኪናህን ፈትሸህ ወደ ካምፕ ግባ።

እህተ ወታደር፣ ይህ ለወንድምሽም ይሠራል። ሁለት ሰው በሚጋራው ክፍል፣ በጋራ ቦታ የተገኘ ዕቃ የማን ነው የሚለው ከፍተሻው ሕጋዊነት የተለየ፣ ራሱን የቻለ ክርክር ነው።

የስደት_ጉዳይ_ተከታታይ

አንድ ሰው ሳያነሣው ያለፈ ነገር አለ። ወንድምሽ ዜጋ ነው ወይስ ግሪን ካርድ ያለው?

ግሪን ካርድ ላይ ካለ፣ በዕፅ ወንጀል መፈረድ ከአገር ሊያስወጣ ይችላል። በሕጉ የተተወው ብቸኛ ነገር ለግል ጥቅም የተያዘ፣ 30 ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ማሪዋና፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን ነው። የማሪዋና ዘይት በዚያ ውስጥ ይግባ አይግባ የሚከራከርበት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያስፈልገዋል። በውትድርና ምክንያት ዜግነት ያገኘ ከሆነም አላመለጠም። አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግል ከክብር በታች በሆነ ሁኔታ ከተሰናበተ ዜግነቱ ሊነጠቅ የሚችልበት አንቀጽ አለ። የወታደር ጠበቃው ይህን እንዲያውቅ ወንድምሽ በግልጽ ይንገረው፤ ሳይጠየቅ የማይነሣ ነገር ነው።

እህተ_ወታደር

ዜግነቱን ያገኘው ባለፈው ዓመት ነው፤ በአገልግሎቱ። ይህን አላውቅም ነበር። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ጡረተኛው_ሳጅን

ልጄ፣ አትደንግጪ፤ «ሊነጠቅ ይችላል» ማለት ተነጠቀ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ መዝጋት ነው።

አርቲክል 15ን በተመለከተ የማውቀውን ልንገርሽ። አርቲክል 15 የወንጀል ፍርድ አይደለም። ግን ብዙ ልጆች ፈርመው «አለፈ» ሲሉ ከኋላው ቻፕተር 14 የሚባለው የስንብት ወረቀት ሲመጣባቸው አይቻለሁ። በዕፅ ጉዳይ ምድር ጦሩ የስንብቱን ሂደት የመጀመር ግዴታ አለበት። ስድስት ዓመት ያልሞላው ወታደር ደግሞ፣ ከክብር በታች የሆነ ስንብት ካልታሰበበት በቀር፣ በቦርድ ፊት ቀርቦ የመከራከር መብት የለውም። በአርቲክል 15 ሂደት እዚህ ስትጽፉ የከረማችሁት የማስረጃ ደንብ አብዛኛው አይሠራም። ፍተሻው ሕገ ወጥ ነበር የሚለው ክርክር ጥርስ የሚያወጣው በጦር ፍርድ ቤት ነው። በየብስ ላይ ያለ ወታደር አርቲክል 15ን እምቢ ብሎ የጦር ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል፤ መርከብ ላይ የተመደበ ግን አይችልም። እምቢ ማለት አደጋ አለው፤ ሲፈረድበት ቅጣቱ ይከብዳል፣ በወንጀል መዝገብም ይጻፋል። አንዳንዴ ግን ዐቃቤ ሕጉ የፍተሻውን መሠረት ሲያይ ክሱን ይተወዋል። የትኛው እንደሚሻል ከጠበቃ በቀር ማንም እንዳይመክረው፤ እኔንም ጨምሮ።

ከዚህ በፊት በጻፍኩት ላይ ግን አንድ ነገር ላርም። የስም አልባን ጽሑፍ ካነበብኩ ወዲህ ሳስበው ነው የከረምኩት። ፈርስት ሳጅን በነበርኩበት ጊዜ መርማሪዎች መጥተው «ምንጫችን አስተማማኝ ነው» ሲሉኝ እንደ ወረደ ለካፒቴኑ ያስተላለፍኩበት ጊዜ አለ። በኋላ አንዲት የሕግ መኮንን ቁጭ አድርጋ አስተማረችኝ። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው ይህ ነበር፦ በዓይኑ አየ? መቼ? የት ቦታ፣ የትኛው ቁምሳጥን? ዕፅ መሆኑን በምን ለየ? ከዚህ በፊት የነገራችሁ ነገር እውነት ሆኖ ያውቃል? ከእኛስ ምን ተገብቶለታል? ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ራሴ አጣራለሁ፤ የፈረቃ መዝገቡን ባይም፣ ልጁ ያን ቀን ካምፕ ውስጥ እንደነበር ባረጋግጥም። አንዳንዴ መርማሪዎቹ መልስ አጥተው ተመልሰዋል። ከዚያ በፊት የተፈተሹትን ልጆች ግን አስባቸዋለሁ።

ስም_አልባ_2

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አወያይ

በጠያቂዋ ፈቃድ በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ያለውን አንቀጽ ከዛሬ ምሽት ጀምሮ እንሰውረዋለን። ሌሎቻችሁም የተገኘውን ዕቃ እየጠቀሳችሁ አትጻፉ።

እህተ_ወታደር

ሰላም። ዛሬ ጠበቃውን አገኘው። ካፒቴን ነው፤ ወንድሜ እንዳለኝ በጣም የሚያዳምጥ ሰው ነው። ስለ ዜግነቱ ስንነግረው ብዕሩን አስቀምጦ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ሳይነጋገር ወንድሜ ምንም እንዳይፈርም ተናገረ። የፍተሻ ፈቃዱን ወረቀት ጠይቋል። እስካሁን የመጣለት ከፍተሻው *በኋላ* በማግስቱ የተጻፈ አጭር ማስታወሻ ብቻ ነው። ጠቋሚው አየ ወይስ ሰማ የሚለው የለበትም።

አርቲክል 15ን ገና አልመለሰም። ነገ ነው የሚወስነው።

ፓራሊጋል_የነበርኩ

በኋላ የተጻፈ ማስታወሻ ብቻውን ፈቃዱን አያፈርሰውም፤ በቃል የተሰጠ ፈቃድ ይጸናል። ሆኖም ካፒቴኑ በስልክ የሰማው ነገር ምን ያህል ስስ እንደነበር ሊያሳይ ይችላል። መንግሥት ደግሞ የቅን ልቡና ክርክር ያነሣል፦ ፈታሾቹ ሥልጣን ያለው ሰው በሰጠው ፈቃድ ተማምነው ነው የፈተሹት ይላል። ደንብ 311 ይህን ይፈቅዳል፤ ግን ፈቃጁ በቂ ምክንያት አለ ለማለት የሚያስችል ተጨባጭ መሠረት እንደነበረው መታየት አለበት። ጠበቃው ይህን ይጠብቃል፤ ወንድምሽም ሲሰማው እንዳይደነግጥ።

ወደ ጦር ፍርድ ቤት ከሄደ አንድ ነገር አይረሳ። ማስረጃው ይውጣልኝ የሚለው አቤቱታ ተከሳሹ ጥፋተኛ ነኝ ወይም አይደለሁም ከማለቱ *በፊት* መቅረብ አለበት። ከዚያ ካለፈ በሩ ይዘጋል። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ካመነም የፍተሻው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይቀራል።

እህተ_ወታደር

ገባኝ። ይህ የመጨረሻ ጽሑፌ ነው፤ ጠበቃው እዚህ እንደምጽፍ ሲሰማ እንዳቆም አዟል። አንድ የነገረን ነገር ግን ለሌሎች ቤተሰቦች ይጥቀም። ወታደር ለጠበቃው፣ ለነፍስ አባቱ፣ ለትዳር ጓደኛው በምስጢር የነገረው በሕግ የተጠበቀ ነው። ለእህቱ የነገረው ግን አይደለም። መርማሪ መጥቶ ሊጠይቀኝ፣ ፍርድ ቤትም ሊጠራኝ ይችላል።

እስከ ትናንት «ለእኔ እንኳ እውነቱን ንገረኝ» እያልኩ ስጨቀጭቀው ነበር። ትናንት ማታ ሲደውል ሊነግረኝ ጀመረ። «ተወው፣ እንዳትነግረኝ» አልኩት። ትንሽ ዝም ተባባልን። ከዚያ ራት በልቶ እንደሆነ ጠየቅኩት።